የአንበጣ እናት የምትተወው ውርስ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም የሀብሩ ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን ለመሰብሰብ በሚዘጋጅበት ሰዓት የበረሃ አንበጣ ማሳውን ወረረው። ልጅ አዋቂ ሳይባል ቤተሰብ ሁሉ ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየደበደበ ሲከላከል ቢውልም፣ የዓመት ቀለቡን ያጣው ብዙ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀንም 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሰማዩን የሸፈነውን ክንፍ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከመሬት በታች፣ በአንዲት እናት ሥራ ነው።

ሴቷ አንበጣ እርጥበት ያለው አሸዋማ አፈር ትመርጣለች። ሆዷን ወደ አፈሩ እየሰደደች እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ትቆፍራለች። እንቁላሎቿን በዘለላ ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን በአረፋ ትደፍንና ትሄዳለች፤ ልጆቿን አታሳድግም።

«ታዲያ ይህ ምኑን እናትነት ሆነ?» ይሉ ይሆናል። ውርሱ ያለው እንቁላሉ ውስጥ ነው። ብቻዋን የምትኖር አንበጣ በአንድ ዘለላ ከ95 እስከ 158 እንቁላል ስትጥል፣ በመንጋ የምትኖረው ብዙውን ጊዜ ከ80 በታች ትጥላለች። እንቁላሎቹ ግን ተለቅ ያሉ ናቸው። የሚፈለፈሉት ኩብኩባዎችም ጠቆርና ገዘፍ ያሉ፣ ረሃብንም የሚቋቋሙ ይሆናሉ። እናትየው በግፊያ ውስጥ ስለኖረች ልጆቿን ለግፊያ አሰናድታ ትሄዳለች።

እኔ በምሠራበት የገበያ ሙያ «ውስን በጀት ለብዛት ይዋል ወይስ ለጥራት?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም አለ። ነፍሳትም በረጅም የዝግመተ ለውጥ ጉዞ ለዚሁ ጥያቄ የተለያየ መልስ አግኝተዋል። ኮፕሪስ የምትባለው የእበት ጢንዚዛ የምትጥለው በጣት የሚቆጠር እንቁላል ነው፤ ነገር ግን እበቱን ከመሬት በታች አድቦልቡላ፣ ልጆቿ እስኪወጡ ድረስ አጠገባቸው ትቆያለች። እበት ቶሎ ይደርቃል፣ ተሻሚውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ መጠበቁ ያዋጣል። የበረሃ አንበጣ ግን ዝናብ ወዳለበት ከመብረር ውጪ ምርጫ የላትም፤ መቆየቷ ለልጆቿ አይረባም።

በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው ጸጸ ዝንብ ደግሞ አንድ እጭ ብቻ በሆዷ ይዛ፣ ወተት መሰል ፈሳሽ እየመገበች አሳድጋ ትወልዳለች። የምትወልደው ጥቂት በመሆኑ፣ በጨረር የመከኑ ወንዶችን በመልቀቅ ዘሯን የመቀነስ ሥራ በአገራችን ተሠርቷል።

የተባይ እናት ልጆቿን እንዴት እንደምታሳድግ ማወቅ የት ላይ መግታት እንደሚቻል ይጠቁማል። ሞቃት በሆነ ቦታ የአንበጣ እንቁላል በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ደግሞ አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ወር በእግሩ እየዘለለ ከመሄድ በቀር መብረር አይችልም። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን ጅራፍና ቆርቆሮ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ከማባረር አያልፉም።

ስለዚህ ከወልድያ በሲሪንቃ አድርገው ወደ መርሳ ሲወርዱ፣ መንገድ ዳር በቡድን የሚዘል ጠቆር ያለ ኩብኩባ ካዩ ለልጆችዎ አሳይተው ብቻ አይለፉ፤ በአቅራቢያው ላለው የግብርና ባለሙያ ይንገሩ። ያቺ አንድ ወር የገበሬው ናት።