ድመትና ግልገል ላለበት ቤት የሌባ ማንቂያ

ከሰቆጣና ከዝቋላ የምትጽፉልኝ ብዙዎቻችሁ «ድመት ያለበት ቤት ማንቂያ አይገጠምለትም» ትላላችሁ። ይገጠምለታል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚያየው የሚንቀሳቀስ ሙቀትን ነው። ስለዚህ ማታ ቤት የምታሳድሩት የአበርገሌ ግልገልም ያስጮኸዋል።

1. መጀመሪያ በርና መስኮት ላይ የማግኔት ሴንሰር ግጠሙ። በሩ ካልተከፈተ አይጮኽም፤ ድመቷ እንዳሻት ትዙር። እኔ ብሆን ገንዘቤን እዚህ ላይ ነው የማውለው።

2. የእንቅስቃሴውንም ከፈለጋችሁ የቤት እንስሳ የማያስጮኸውን ግዙ። የሚፈቅደው ክብደት ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 25 ኪሎ አካባቢ ነው። አምራቹ ባዘዘው ከፍታ ስቀሉት። ድመቷ ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ ፊቱ ከተንጎራደደች ግን መጮኹ አይቀርም።

የዝቋላው ጽጽቃ ቆላ ነው፤ ክፍሉ ወደ 37 ዲግሪ ሲጠጋ ሴንሰሩ ሰውን ከግድግዳው መለየት ይቸግረዋል። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ባለ ባትሪውን ምረጡ።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የቤታችሁን አሠራር ግን እባካችሁ በውስጥ መስመር ብቻ።