የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርትና የሐይቅ ነጋዴ

ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ ከተማ የሚገኝ አንድ የእህል ነጋዴ ለመጋዘን ኃላፊው «ማሾው ከ20 ኩንታል ባነሰ ጊዜ አስታውቀኝ፤ እስከዚያው ግን መሸጥህን አታቋርጥ» ብሎ ቢያዘው፥ ራሱ ሳያውቀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በትእዛዙ ተቀባይ ላይ ነው። የመጋዘን ኃላፊው ነጋዴው ያላለውን በልቡናው ያሟላል፤ ኮምፒዩተር ግን ከተነገረው አያልፍም። ከገዢ የተመለሰ ጆንያ ከገቢ ይቆጠራልን? የጆንያውስ ክብደት ከማሾው ይቀነሳልን? ይህ ሁሉ አስቀድሞ ካልተጻፈለት መሣሪያው የተሳሳተውን ሒሳብ ያለ አንዳች ኀፍረት አስልቶ ያቀርባል። ፕሮግራም መማር ማለት በመሠረቱ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅን መልመድ ነው፤ ይህንንም ከብልህ ነጋዴ ይበልጥ የሚያውቅ ብዙ ሰው አይገኝም።

ይህን ዕውቀት ለማግኘት ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ግድ ይመስል ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። በዚህም መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የፕሮግራም አጻጻፍን፥ የመረጃ ትንተናን፥ የአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራም ሥራንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት አማካይነት ያለ ክፍያ እንዲማሩ፥ ለፈጸሙትም የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው ታቀደ።

ክፍያ የለውም ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ኮምፒዩተር ወይም ደኅና ስልክ፥ መብራትና የኢንተርኔት መስመር ያስፈልጋል፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበረ፥ የሐይቅና የአምባሰል ወጣት ከሌላው እኩል አልተነሣም።

ሆኖም ርቀት ብቻውን እንደማያግድ የሚያመለክት ነገር በአገራችን ታይቷል። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ትምህርት ቤት ለሌላቸው የሁለት መንደር ሕፃናት፥ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕፃናቱ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ብልኀት ከፍተው መገኘታቸውን ድርጅቱ ገለጸ። እርግጥ ነው፥ የሰጪውን ቃል ብቻ ይዞ መደምደም አይገባም፤ ቢሆንም መሣሪያውና ኃይሉ ባይኖር ኖሮ የሚነገር ነገርም ባልኖረ ነበር።

በሐይቅ ችግሩ የተማሪ እጦት አይደለም፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት አገር ነው። የጎደለው መሣሪያና ኃይል ነው፤ ይህም ከሌላው ሰው ይልቅ በነጋዴው እጅ ይገኛል። በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ያለው ባለሱቅ፥ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ የሚያድረውን ኮምፒዩተር ለሁለት ተማሪዎች በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ቢያውስ የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። ተማሪው በፈንታው የሱቁን የገቢና የወጪ መዝገብ ለልምምድ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ሥራ የማሾው መዝገብ ይበቃል። ፕሮግራሙ አንድ ወር ያህል ከደብተሩ ጋር ጎን ለጎን ይካሄድ፤ ሁለቱ ሒሳቦች ባልተስማሙበት ቀንም ስሕተቱ ከየትኛው እንደ ሆነ ነጋዴውና ተማሪው አብረው ይመርምሩ።