ከመዝገብ ወደ መዝገብ፦ የተዘረፉ ቅርሶችን ዱካ መከተል

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1897 የእንግሊዝ ጦር በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረውን የቤኒን ቤተ መንግሥት ዘረፈ። መኮንኖቹ ድርሻ ድርሻቸውን ያዙ፤ መንግሥታቸው የተወሰነውን ሸጠ፤ ነጋዴዎችም እየገዙ ለአውሮፓ ሙዚየሞች አከፋፈሉት። የነሐስና የዝሆን ጥርስ ሥራዎቹ እንዲህ ሆነው ተበተኑ።

እነዚህን ሥራዎች በአንድ ቦታ ለማየት 125 ዓመት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የተከፈተው ዲጂታል ቤኒን የተባለ ድረ ገጽ በ20 አገሮች የሚገኙ 131 ተቋማት የያዟቸውን 5,246 ቅርሶች መዝገብ አሰባስቧል። የሠራቸው የኤዶ ሕዝብ የሰጣቸው ስምም ለቅርሶቹ ተመልሶላቸዋል።

መዝገቦች ሲገናኙ ምን እንደሚገለጥ ለማየት ዊሊያም ዳውኒንግ ዌብስተር የተባለውን እንግሊዛዊ የቅርስ ነጋዴ መውሰድ ይቻላል። በአንድ ሙዚየም መዝገብ ውስጥ ስሙ ከግርጌ የምትገኝ አጭር መስመር ናት፤ ማንም አያስተውላትም። የእንግሊዝና የጀርመን መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሰውየው ከንግዱ መሐል ብቅ ይላል።

የኔትወርክ ትንተና የሚባለው ይኸው ነው። ሰው፣ ሙዚየምና ቅርስ እያንዳንዳቸው ነጥብ ይሆናሉ፤ ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ ነጥቦቹን የሚያያይዙ መስመሮች ናቸው። ኮምፒውተሩ ብዙ መስመር የሚያልፍበትን ነጥብ ቆጥሮ ያወጣል። አንዳንድ ጊዜ ታዋቂው ጄኔራል ሳይሆን ስሙ ያልተወራለት ደላላ ነው የሚገኘው።

ፎቶግራፍ ማሳየት ብቻውን ለዚህ አይበቃም። መዝገቡ ራሱ ማንም ሊያወርደውና ሊሠራበት በሚችል ሰንጠረዥ መለቀቅ አለበት። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ዓመት 375,000 ምስሎችን ያለ ገደብ ሲለቅ የስብስቡን መረጃም አብሮ ክፍት አድርጓል። ከዚያ በኋላ አድካሚው ሥራ ይመጣል፦ አንድ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ከተመዘገበ ማሽኑ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አንድ መሆናቸውን አመሳክሮ የሚወስነው ሰው ነው።

ለኢትዮጵያም መሠረቱ ተጥሏል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት የግዕዝ ብራናዎችን ከደራሲ፣ ከቦታና ከባለቤት ጋር እያያያዘ ይመዘግባል፤ መረጃውንም በነፃ ይለቃል።

በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ተራራ የተወሰዱት ቅርሶች ለዚህ ዓይነት ሥራ ተገቢ ናቸው። 350 ገደማ ብራናዎች በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የወርቅ ዘውዱና ጽዋው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ሌሎች ብራናዎች በዊንዘር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። ከተራራው ለንደን እስኪደርሱ በስንት ወታደርና በስንት ገዢ እጅ እንዳለፉ የሚያሳይ አንድ ካርታ ሊሠራ ይገባል።

ክፍት መሆን ማለት ግን ሁሉን ማሳየት አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከካህናት በቀር ሊያያቸው የሚገባ የለም፤ ስለዚህ ፎቶግራፋቸው መውጣት የለበትም። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መቼና በማን እጅ እንደተወሰዱ የሚናገረው መዝገብ ግን ያለ ምስልም ከሌሎቹ ጋር ሊያያዝ ይችላል።