ሽታው የጽዳት ጉድለት አይደለም፦ የፍሳሽ ቧንቧ ጉዳይ ከባያን እስከ ኮንዶሚኒየም

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2009፣ ረመዳን በገባበት ሰሞን፣ በኩዌት የባያን ሰፈር ጎረቤት በሆነው በሚሽሪፍ ያለው ትልቅ የፍሳሽ መግፊያ ጣቢያ ተበላሸ። ጣቢያው ራሱ በፍሳሽ ተጥለቀለቀና ፓምፖቹ ቆሙ። ከየሰፈሩ የሚመጣው ፍሳሽ ግን አልቆመም፤ ሰው ጣቢያ ተበላሸ ብሎ መታጠብና ማብሰል አይተውም። መሄጃ ሲያጣ በቀን ከ100 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተለቀቀ። ለሳምንታት የባሕሩ ዳርቻ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ሥጋት ሆነ። ነገሩ ፖለቲካም ሆነ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትሩ ፋድል ሰፈር ፓርላማ ቀርበው በዚሁ ጣቢያ ጉዳይ ተጠየቁ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2018፣ ዝናብ ኩዌትን ሲያጥለቀልቃት ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሁሳም አል ሩሚ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ስለ ሚሽሪፍ ብዙ ተብሏል። ስለ ኮንትራቱ፣ ስለ ፓምፖቹ፣ ስለ ተጠያቂው ሰው ዓመታት የፈጀ ክርክር ተካሂዷል። ወደዚያ ጣቢያ ፍሳሹን ስለሚልከው ቤት ግን የሚያወራ የለም። የፍሳሽ ጉዳይ የሚጀምረው ከጣቢያው ሳይሆን ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሥር ነው፤ እዚያ የተሳሳተውን ነገር ማንም ሚኒስትር ተጠርቶ አይጠየቅበትም። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቤቱን የሚያጸዳው ሰው ነው። በባያን ደግሞ ያ ሰው ኢትዮጵያዊት ልትሆን ትችላለች።

ባያንን ውጭ ያለ ሰው የሚያውቃት በቤተ መንግሥቷ ነው፤ የባያን ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 ኩዌት ላስተናገደችው የእስላማዊ አገሮች መሪዎች ጉባኤ የተሠራ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለው ሰፈር ግን የመኖሪያ ቪላ ሰፈር ነው፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ ብዙዎቹ ከሥራቸው ሰርዳብ፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ያላቸው። አገሩ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ቁልቁል ስለሆነች ፍሳሽ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ኩዌት ይህ ስጦታ የላትም፤ ፍሳሹ ትንሽ እንደሄደ መስመሩ ጥልቅ ይሆናል፣ ጥልቅ ሲሆን በፓምፕ ወደ ላይ ተገፍቶ እንደገና ይለቀቃል። እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ የሚጠጣ ውኃ በጀልባ ከሻት አል አረብ ይጫንላት የነበረች ከተማ፣ ዛሬ የባሕር ውኃ አጣርታ የምትጠጣ፣ በነፍስ ወከፍ የውኃ ፍጆታም ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ የምትሰለፍ ናት። የገባው ውኃ ሁሉ መውጣት አለበት። በሱለይቢያ ያለው ማጣሪያ፣ ሥራ ሲጀምር በቀን 375 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው፣ በዓይነቱ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በባያን ቤት ውስጥ በየመታጠቢያ ቤቱ፣ በወጥ ቤቱ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በጣሪያው ላይ ሳይቀር ወለሉ ላይ የውኃ መውረጃ አለ፤ እህቶቻችን ከዐረብኛው ወስደው ባላዓ ይሉታል። ክዳኑን አንስቶ ላየው ሰው ከሥሩ እንደ ኩባያ ያለ ነገር፣ ሲፎን የሚባለው፣ ይታያል፤ ደህና ከሆነ ውስጡ ውኃ አለበት። ያ ውኃ ሲፎኑ የያዘው ማኅተም ነው። ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ በቤቱና በፍሳሽ መስመሩ መካከል ያለው መከላከያ እሱ ብቻ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ የለንደን ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 ለሽንት ቤት ቆልማማውን ቧንቧ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ይህ ማኅተም በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው መድረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 በኩዌት ሚትሪባ የተለካው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ነበር፤ እንዲህ ባለ አገር፣ ኤሲው ቀንና ሌሊት አየሩን በሚያደርቅበት ቤት፣ ሰው በማይታጠብበት ክፍል ያለ ባላዓ ቶሎ ይደርቃል። ቤተሰቡ ለክረምቱ ወደ ውጭ ሄዶ ሲመለስ ቤቱ ይሸታል፣ ከማንሆሉ የመጣ በረሮ ይታያል፣ ማዳም ትቆጣለች። ሠራተኛዋ ታጸዳለች፤ ደግማ ታጸዳለች፤ ሽታው አይሄድም። ከዚያ ክሎሮክስ፣ ማለትም በረኪና፣ ትጨምራለች፤ አልሆን ሲል ከላዩ አሲድ ያለበትን የቧንቧ መክፈቻ ታክልበታለች። እዚህ ላይ ነገሩ ከስድብ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል፤ ክሎሮክስና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባን ያቃጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። መድኃኒቱ ግን አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ባላዓው ውስጥ ማፍሰስ ነበር፤ በሳምንት አንዴ፣ ሰው በማይጠቀምበት ክፍል ሁሉ። ከዚህም የሚሻለው ቤቱ ሲሠራ የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ በወለሉ ሲፎን በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ እጅ በታጠበ ቁጥር ማኅተሙ ራሱን ይሞላል።

ሁለተኛው መንገድ መመጠጥ ነው። ከላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሲለቀቅ የሚወርደው ውኃ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ያለውን ይስባል። ቋሚው ቧንቧ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ካልተነፈሰ፣ ወይም የአየር ቧንቧው ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ከተተወ፣ አየሩን የሚያገኘው ከታች ካሉት ሲፎኖች ነው፤ ውኃቸውን ይዞ ይሄዳል። ሲንኩ ጉርጉር ሲል የሚሰማው ይህ ነው። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ቧንቧ ጠጋኝ ጠርቶ ማስጠረግ ብቻ አይበቃውም፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአየር ቧንቧው መኖሩን፣ ካለም አለመዘጋቱን ማየት አለበት።

ይህን ሁሉ እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ሰው የሆንግ ኮንጉን አሞይ ጋርደንስ ያስብ። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 ሳርስ የያዘው አንድ ሰው በዚያ የመኖሪያ ሕንፃ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄደ፤ ተቅማጥ ነበረው፤ ሽንት ቤቱን ተጠቀመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በግቢው ከ320 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 42ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ ካገኟቸው ምክንያቶች ዋነኛው በየመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያሉት ሲፎኖች መድረቃቸው ነበር፤ ነዋሪዎቹ ወለሉን በውኃ ማጠብ ትተው በመወልወያ ስለሚያጸዱ ማኅተሙ ጠፍቷል፣ የአየር ማውጫው ማራገቢያ ደግሞ ከቧንቧው የሚመጣውን ብናኝ ወደ ክፍሉ ሳበው። ሰዎቹ ቤታቸው ንጹሕ ነበር።

በባያን ሌላው የችግር ቦታ ሰርዳቡ ነው። የሠራተኛ መኝታ ብዙ ጊዜ ወይ ጣሪያ ላይ ነው ወይ ሰርዳብ ውስጥ። የሰርዳቡ ሽንት ቤት ከመንገዱ መስመር በታች ሲሆን ፍሳሹ በራሱ ሊወጣ አይችልም፤ የራሱ ጉድጓድና ፓምፕ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስም ቼክ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ቫልቩ ከሌለ የመንገዱ ማንሆል በሞላ ቀን ፍሳሹ የሚወጣው በቤቱ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ የእሷ ክፍል ነው። ጣሪያ ላይ ላለችው ደግሞ ችግሩ ፀሐዩ ነው። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ሲሆን ወደ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ መልሶም ያጥራል። በሙጫ ብቻ ከዳር እስከ ዳር የተጣበቀ መስመር ይህን አይችለውም፤ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። በየተወሰነ ርቀት የጎማ ቀለበት ያለው መጋጠሚያ የሚገባው ለዚህ ነው።

ወደ ኩዌት የሚሄዱ ሠራተኞች ከጉዞ በፊት ሥልጠና እንዲወስዱ የኢትዮጵያ ሕግ ያዝዛል። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ መተኮስ፣ ልጅ መያዝ ይማራሉ። የደረቀ ባላዓን በውኃ መሙላትና ክሎሮክስን ከአሲድ አለማቀላቀል በዚያ ሥልጠና ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ለማስተማር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ውጤቱ ግን ስድብን ከማስቀረት አልፎ ሕይወት ያተርፋል።

ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ በሚልኩት ገንዘብ አገር ቤት ቤት እየተሠራ ነው። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ጅማም፣ አዲስ አበባም። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም አሉ። ከባያን በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ የሚታየው ግን በሩ፣ ሴራሚኩ፣ የጂፕሰም ጣሪያው ነው። ሥራውን የሚከታተለው ወንድም ወይም አጎት ካሜራውን ወደ ቧንቧው የሚያዞረው ስንት ጊዜ ነው?

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ከገርጂው ሙከራ ጀምሮ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ወጪ ቆጣቢ ተብሎ የተጀመረ ፕሮግራም ነው። ለመቶ ሺዎች መጠለያ ሆኗል፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይደለም። ነዋሪውን በየቀኑ የሚያጣላው ግን የላይኛው ቤት ፍሳሽ በታችኛው ጣሪያ መንጠባጠቡ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። የሻወር ቧንቧ፣ 50 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁልቁል ይፈልጋል። ሻወሩ ከቋሚው ቧንቧ አራት ሜትር ከራቀ ስምንት ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ የቧንቧው ውፍረት ሲጨመር ስላቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ወይ የመታጠቢያ ቤቱ ስላብ ዝቅ ተደርጎ መሠራት አለበት፣ ወይ ቧንቧው ከስላቡ ሥር በታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ስለዚህ በብዙ ሕንፃ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ መጋጠሚያው ሲያፈስ የሚጠግነው ሰው የሚገባው በሌላ ሰው ቤት በኩል ነው፤ ያ ሰው በሩን ላይከፍትም ይችላል።

ይህ ብቻ አይደለም። ቤቱ ሳያልቅ ስለሚሰጥ ባለቤቱ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ሲንኩን ያዛውራል፣ ሻወሩን ወደ ሌላ ጥግ ይወስዳል፣ ሴራሚክ ያነጥፋል። ቧንቧ ሠራተኛው ቁልቁሉን በዓይኑ ገምቶ ያገጣጥማል፤ ሁለት መስመር ሲገናኝ በዋይ ፈንታ ቲ ያስገባል፣ ቋሚው ወደ አግድም በሚዞርበት ቦታ ሁለት ባለ 45 ኤልቦ በማድረግ ፈንታ አንድ ባለ 90 ያስገባል። እዚያ ቦታ ላይ የወጥ ዘይት፣ የቡና አተላና የድስት ማጠቢያ አሸዋ ይጠራቀማል። ማንሆሉ ሲሞላ ግቢው ይሸታል፤ የፍሳሽ ቦቴ ተጠርቶ ይመጥጣል፤ ከወር በኋላ ይደገማል። ቦቴው የሚያነሳው የተጠራቀመውን እንጂ የተሳሳተውን ኤልቦ አይደለም።

በሕግ በኩል ባዶ አይደለንም። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ዘጠነኛው ክፍል፣ ኢቢሲኤስ 9፣ የሕንፃ ቧንቧ ሥራን የሚመለከት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 (ዓ.ም.) ከግል ቤቱ ውጭ ያለውን ሁሉ የጋራ ያደርገዋል፤ በሻፍቱ የሚወርደው ቋሚ ቧንቧም የማኅበሩ ነው ማለት ነው፣ ሁሉም አዋጥቶ ያስጠግነዋል። ከጣሪያ የሚንጠባጠበው አግድም ቧንቧ ላይ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል። የአዲስ አበባ ከተማም ወደ ታች ያለውን ድርሻ እየሠራ ነው፤ የቃሊቲ ማጣሪያ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተመርቋል። የጎደለው መካከለኛው ነው፦ ግድግዳና ወለል ከመዘጋቱ በፊት መስመሩን ፈትኖ፣ ውጤቱን ጽፎ፣ ፈርሞ የሚያስረክብ ሰው። በፎቅ ሕንፃ ላይ ያለዚህ ፊርማ ሥራ እንዳይቀጥል ማድረግ የክፍለ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቶች ሥልጣን መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ድረስ ባያን ያለች ባለቤት በራሷ ልታስደርገው የምትችለው ነገር አለ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የመስመሩ የታችኛው ጫፍ በፕለግ ይዘጋል፤ ከላይ ውኃ ይሞላል፤ ከመጋጠሚያዎቹ በላይ ሦስት ሜትር ያህል የሚቆም ውኃ ቢኖር ጥሩ ነው። የውኃው ከፍታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። ወንድሟ ያን ጊዜ በኢሞ ይደውልላት፤ ካሜራውን መጀመሪያ ምልክቱ ላይ፣ ከዚያ በየመጋጠሚያው ላይ ቀስ ብሎ ያዙረው። ሜትር ዘርግቶ እያንዳንዱ ቧንቧ ከግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደራቀ የሚያሳይ ፎቶም ይላክላት፤ ከዓመታት በኋላ ወለል መፍረስ ካለበት የት እንደሚፈረስ የሚነግራት ያ ፎቶ ነው። ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሲዋዋሉም የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ሙከራ በኋላ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይግባ። ውኃው ከምልክቱ ዝቅ ካለ የፈሰሰው መጋጠሚያ ይቆረጥና እንደገና ይሠራ፣ ሙከራውም ከመጀመሪያው ይደገም።