ሊቲየም፣ የደም ግፊት ኪኒንና የቆላው ሙቀት

ከቤተሰብዎ አንዱ ለጥቂት ሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ፣ ሲለፈልፍና ገንዘብ ሲበትን ሰንብቶ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከአልጋ መነሣት ቢያቅተው፣ «ጠባዩ ተበላሸ» ብለው አይፍረዱበት። ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በአዲስ አበባ ብቻ የሚታይ አይደለም። ቦረናዎች አእምሮው የታወከን ሰው «መራታ» ይሉታል። የቤት ለቤት መጠይቅ ያላገኛቸውን ሕሙማን የአገሬው ሰዎች ጠቁመው እንዳሳዩ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይገልጻል።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ሊቲየም ነው። ጥቅሙን እ.ኤ.አ. በ1949 ያስታወቀው አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ነበር። ሊቲየም ፈዋሽ ቢሆንም በደም ውስጥ ከልክ ሲያልፍ መርዝ ይሆናል።

ይህስ እንዴት ይደርሳል? ውሃና ጨው ሲያንስ ኩላሊት ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። ሬኒን አንጂዮቴንሲን እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ይህም የደም ሥሮችን ያጠባል፣ አልዶስቴሮን የተባለውንም ሆርሞን ያስነሣል። ኩላሊትም ጨው በሽንት እንዳይባክን ይይዛል። ነገር ግን ጨውን ሲይዝ ሊቲየምንም አብሮ ያስቀራል።

ኢናላፕሪልን የመሳሰሉ የግፊት ኪኒኖች ይህንኑ ሥርዓት ይገታሉ፤ ሽንት የሚያበዙት ደግሞ ጨው ያሳጣሉ። ሁለቱም፣ እንዲሁም ኢቡፕሮፌን፣ ሊቲየም እንዲከማች ሊያደርጉ ይችላሉ። ተመራማሪዎች በባይፖላር ሕሙማን ደም ውስጥ እነዚህን ሆርሞኖች እየለኩ ነው፤ ሆኖም ሕመሙ በዚህ ልኬት አይታወቅም።

እንግዲህ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ከብርዳማው ቦሬ ወደ ነገሌ ወይም ሞያሌ ሲወርድ ውሃ አዘውትሮ ይጠጣ። ጨው በድንገት አይተው። በጾም ጊዜ ቀን ውሃ የማይጠጣ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ለግፊት፣ ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም ኪኒን ከመግዛቱ በፊት ሊቲየም እንደሚወስድ ለፋርማሲው ይንገር። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እናት ሁለቱንም መድኃኒቶች ሐኪሟ ሳያውቅ አትቀጥል፤ በራሷም አታቋርጥ።

እጁ በብርቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ ከተንገዳገደ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ግን ነገ አይበሉ። የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይሰጡ፣ የመድኃኒቶቹን ዕቃ ሁሉ ይዘው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት፤ የሊቲየሙ መጠን በደም ምርመራ ይታይለት።