ቤተ መጻሕፍቱ ሲሸጥ ካሬው ስንት ቀረ?

የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከቦታው ይነሳ ሲባል ክርክሩ የሚጀመረው በስሜት ነው። አንዱ ወገን «ልጆቻችን ያደጉበት ነው፣ አይነካም» ይላል፤ ሌላው «ያረጀ ሕንፃ ነው፣ ዘመናዊ ይሠራ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲገጥመኝ የምጠይቀው፣ የአዲስ አበባ ሰው ቤት ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀውን ነው፦ ካሬው ስንት ነው? በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን ሃይትስ በተባለው ሰፈር የተካሄደው ሙግት ጥያቄው ለምን ወሳኝ እንደሆነ ያሳያል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1962 በተሠራው የሰፈሩ ሕንፃ ውስጥ ሁለት አገልግሎቶች ነበሩ። አንደኛው ተራው የሰፈር ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው መላውን ብሩክሊን የሚያገለግለው የንግድና የሥራ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2012 የአየር ማቀዝቀዣው ተበላሸና በሙቀት ወራት ቀደም ብሎ መዝጋት ግድ ሆነ። በማግስቱ ዓመት የብሩክሊን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ ቦታው ለሪል ስቴት አልሚ ይሸጥ፣ ሕንፃው ይፍረስ፣ በምትኩ ረጅም የመኖሪያ ፎቅ ይሠራና አዲሱ ቅርንጫፍ ከሥሩ ይግባ።

ለማቀዝቀዣ ተብሎ ሕንፃ ይሸጣል ወይ? ብዙዎች የጠየቁት ይህንኑ ነው። መልሱ ያለው በባለቤትነቱ ላይ ነው። ድርጅቱ ቅርንጫፎቹን ያስተዳድራል እንጂ የአብዛኞቹ ሕንፃዎች ባለቤት የከተማው አስተዳደር ነው፤ ለትልቅ እድሳት የሚወጣውም ገንዘብ በአመዛኙ ከከተማው በጀት ይመጣል። በጊዜው በመላው ብሩክሊን በጀት ያልተገኘለት የጥገና ሥራ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይገመት ነበር። አስተዳዳሪዎቹ እንግዲህ ውድ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ሸጠን የድሃ ሰፈር ቅርንጫፎችን እንጠግን አሉ። ክርክሩ ጨዋ ነው፤ ቀዳዳ ግን አለው። የከተማ ንብረት ሲሸጥ ገንዘቡ በተለመደው አሠራር የሚገባው ወደ ከተማው ካዝና ነውና፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ይመለሳል የሚል ስምምነት አስቀድሞ ካልታሰረ ሁሉም ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ተቃዋሚዎቹ ጥርጣሬያቸውን ከባዶ አላመጡትም። ከወንዙ ማዶ በማንሃተን የነበረው የዶኔል ቤተ መጻሕፍት በ2007 ለሆቴል ድርጅት በ59 ሚሊዮን ዶላር እንዲሸጥ ስምምነት ተደረሰ፤ በ2008 ተዘጋ። የገንዘብ ቀውሱ መጣና የመጀመሪያው ገዢ ራሱን አገለለ። ምትኩ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2016 ነው። ያውም 9 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ የነበረው ወደ 2,600 ካሬ ሜትር ወርዶ፣ ከሆቴሉ ሥር፣ አብዛኛው ከመሬት በታች! ይህን ያየ የብሩክሊን ነዋሪ «ለጊዜው ነው» ሲባል ባያምን አይፈረድበትም። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል እኛም በደንብ እናውቃታለን።

ፖለቲካውም ገባበት። ቢል ደብላሲዮ በ2013 ለከንቲባነት ሲወዳደሩ ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆመው ሽያጩን ተችተው ነበር፤ ከተመረጡ በኋላ ግን አስተዳደራቸው ደገፈው። ጉዳዩ በአካባቢው ቦርድ፣ በብሩክሊን ፕሬዚዳንት፣ በፕላን ኮሚሽኑ በኩል አልፎ በታኅሣሥ 2015 በከተማው ምክር ቤት ጸደቀ። ገዢው ሃድሰን የተባለው ኩባንያ፣ ዋጋው 52 ሚሊዮን ዶላር።

ተቃዋሚዎቹ በድምፅ ተሸነፉ። ሆኖም ጩኸታቸው በካሬው ላይ ይታያል። ለአዲሱ ቅርንጫፍ መጀመሪያ የታሰበው ስፋት በድርድር አድጎ ወደ 2,500 ካሬ ሜትር ደረሰ። አሮጌው ሕንፃ ከ5,500 ካሬ ሜትር አያንስም ነበርና አሁንም ከግማሽ በታች ነው፤ አስተዳዳሪዎቹ ከአሮጌው ብዙው ለአንባቢ ያልተከፈተ ቦታ ነበር ብለው ይመልሳሉ። ከሽያጩ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሌሎች ቅርንጫፎች እንዲውል ታሰረ። በደምቦ አካባቢ ያልነበረ አዲስ ቅርንጫፍ በ2021 ተከፈተ። የገንዘቡ አንድ ክፍል የደረሰው የሰንሴት ፓርክ ቅርንጫፍም በ2023 ሰፍቶ፣ ከበላዩ 49 አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ተሠርተውለት ሥራ ጀመረ። ሽያጩን ከመሠረቱ ብጠላውም ይህን መካድ አልችልም።

ዋጋው ደግሞ በጊዜ ተከፈለ። ሕንፃው ሲፈርስ አንባቢው በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደተከፈተ ጠባብ ጊዜያዊ ቅርንጫፍ ተላከ። አዲሱ የተከፈተው በሰኔ 2022 ነው። በ2016 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ስድስተኛን እስኪጨርስ ድረስ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት «ጊዜያዊ» ነበር ማለት ነው። በምላሹ ቃል የተገቡት 114 አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶችም የተሠሩት ከቅንጦት አፓርታማዎቹ ሥር ሳይሆን በክሊንተን ሂል፣ ሌላ ሰፈር ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህን ያህል ሲያከራክር የነበረው የሰፈሩ ቅርንጫፍ ተመልሶ እዚያው ቦታ ላይ መግባቱ ነው። በእርግጥ አካባቢውን የለቀቀው ሁለተኛው፣ የንግድና የሥራ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ሥራ ፈላጊውና አነስተኛ ነጋዴው ብዙ የምድር ባቡር መስመሮች ከሚገናኙበት ከመሀል ብሩክሊን በእግር የሚደርሱበት አገልግሎት፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ግራንድ አርሚ ፕላዛ ወዳለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ። የሰፈሩ ቅርንጫፍ ጎረቤቶች ነበሩት፤ የተደራጁ፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ የሚያውቁ። ከሩቅ በባቡር መጥቶ የሥራ ማመልከቻውን ጽፎ የሚመለሰው ሰው በአካባቢው ቦርድ ስብሰባ ላይ ወንበር አልነበረውም።