መብራት የማይጠይቀው የጫጩት ቤት

ጌዴኦ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው የሚያድጉበት ምድር ነው። ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። እንዲህ ባለ አገር ለከብት ግጦሽ የሚተርፍ መሬት ብዙ አይገኝም። ዶሮ ግን መስክ አትጠይቅም፤ ከእንሰቱ ሥር እየጫረች ትውላለች። የቡናው ገንዘብ በዓመት አንድ ወቅት ሲገባ፣ በመሃል ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር የሚደርሰው እንቁላልና ዶሮ ነው። ይህ ገቢ በአብዛኛው የሚባክነው ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ከፊሉን ጭልፊት ይነጥቀዋል፣ ከፊሉን ሸለምጥማጥ ይወስደዋል፣ ብዙውን ደግሞ ብርድና በሽታ ይጨርሱታል። ይህን ክፍተት ለመድፈን ለጌዴኦ ገበሬ ቤት ከሁሉም የሚስማማው ሄይ ቦክስ የሚባለው የሳር ሳጥን ነው ብዬ አምናለሁ።

የአንድ ቀን ጫጩት ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ነው። የለበሰችው ለስላሳ ጸጉር እንጂ ላባ አይደለም፤ ገላዋም ትንሽ ስለሆነ የምታመነጨው ሙቀት ቶሎ ያመልጣታል። በመጀመሪያው ሳምንት በዙሪያዋ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ ላባ እስክታወጣ ድረስ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየተቀነሰ ይሄዳል። የጌዴኦዋ ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ለጫጩት ብርድ ነው። ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣማ ይብሳል።

ይሁንና ጫጩት ሙቀት ያስፈልጋታል ማለት ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ መገዛት አለበት ማለት አይደለም። ጋቢ በራሱ አይሞቅም፤ የለባሹን ሙቀት ይይዛል እንጂ። የሳር ሳጥኑም ሥራ ይኸው ነው። ከጣውላ የተሠራ ሳጥን ውስጥ ለጫጩቶቹ መተኛ የሚሆን ትንሽ ክፍል በመሃል ይተዋል፤ በዚህ ክፍልና በውጪው ግድግዳ መካከል ያለው ቦታ በደረቅ ሳር ወይም ጭድ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላል። ከላይ ደግሞ ሳር የታጨቀበት ጆንያ እንደ ትራስ ይደፋበታል። በሳሩ መሃል የታሰረው አየር ሙቀቱን አያሳልፍም፤ 50 የሚሆኑ ጫጩቶች አብረው ሲተኙ የገዛ ገላቸው ክፍሉን ያሞቀዋል። ከሳጥኑ ጋር የተያያዘ፣ በሽቦ ወንፊት የታጠረ መዋያ አለ። መኖና ውሃ የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ ጫጩቶቹ በልተው ሲበርዳቸው በትንሿ በር ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን መንገዱን ስለማያውቁት ሲመሽ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ቴርሞሜትር ባይኖርም ይቻላል። ተደራርበው ሲንጫጩ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ጸጥ ብለው ሲተኙ ተስማምቷቸዋል።

አምፖል አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ባለ 100 ዋት አምፖል ሌት ተቀን ሲበራ በቀን 2.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአራት ሳምንት 67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መብራት እኩለ ሌሊት ላይ ሲጠፋ ነው፤ ሙቀት የለመዱ ጫጩቶች አንዱ በሌላው ላይ ይከመሩና ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። መስመሩ ያልደረሰበት ቀበሌ ደግሞ ይህ ምርጫ ከነጭራሹ የለውም። ከሰል በዝግ ቤት ማንደድ ጫጩቱንም ባለቤቱንም በጭሱ ሊገድል ይችላልና አልመክረውም። ለእናቲቱ ይተውላት የሚለው ሐሳብ የተሻለ ክብደት አለው፤ ዶሮ ልጆቿን ማሞቅም መጠበቅም ታውቅበታለች። ነገር ግን ጫጩት እየመራች በምትዞርባቸው ሳምንታት እንቁላል አትጥልም፤ ጫጩቶቹን ሳጥኑ ሲረከብላት ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች።

ከባዱ ጥያቄ የዝናቡ ነው። የጌዴኦ አየር እርጥበት አይለየውም፤ የራሰ ሳር ሙቀት መያዝ ያቆምና ይሻግታል፣ ሻጋታውም የጫጩቱን ሳንባ ያጠቃል። ስለዚህ ሳጥኑ ደጅ ሳይሆን ጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹም አይደፈኑ። ጭድ በቅርብ ካልተገኘ በየጓሮው ያለው የደረቀ የእንሰት ቅጠል ለግድግዳው መሙያ ይሆናል ባይ ነኝ፤ እሱም ቢሆን በደንብ መድረቅ አለበት። የቡና ገለባ በእጅ የሚገኝ ቢሆንም ጫጩቶቹ ለቅመው ሊበሉት ስለሚችሉ ለጉዝጓዝ አልመርጠውም። ኩስ የነካው ጉዝጓዝ ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

አንድ ቤት አንድ ታቃፊ ዶሮ ብቻ ካለው አሥር ጫጩት ሳጥኑን አያሞቀውም የሚለውም ትክክል ነው። መፍትሔው ጎረቤታሞች አምስት ስድስት ታቃፊዎችን በአንድ ቀን ማስታቀፍ ነው፤ ከ21 ቀን በኋላ 50 የሚጠጋ እኩያ ጫጩት ይገኛል። ይህ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ለመከላከልም ይረዳል። ሳጥኑ ፈንግልን አያቆምም፤ የሚያቆመው ክትባት ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል፤ አንዱ ብልቃጥ ግን ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መጠን ስለሚይዝ ለአሥር ጫጩት ብሎ የሚከፍተው ባለሙያ አይገኝም። እኩያ የሆኑ 50 ጫጩቶች በአንድ ሳጥን ሲገኙ የወረዳው ባለሙያ በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ በዓይን ጠብታ በአንድ ጊዜ ከትቧቸው ይሄዳል።